ከቱሉ ዲምቱ እስከ ቱሉ ዲምቱ

ሁለት ቱሉ ዲምቱ አለ። አንዱ አዲስ አበባ ጫፍ ላይ ነው፤ የአዳማው ፈጣን መንገድ የክፍያ በር ያለበት። ሌላው ባሌ ነው፤ 4,377 ሜትር ከፍታ ያለው ተራራ። ስሙ በኦሮምኛ «ቀይ ኮረብታ» ማለት ነው። በ2016 ዓ.ም. ጥር ከአንዱ ተነስተን ሌላው ጋ ለመድረስ አራት ቀን ፈጀብን። የቸኮለ ሾፌር በአንድ ቀን ተኩል ይጨርሰዋል። እኛ አልቸኮልንም፤ መኪናውም ቢሆን እንድንቸኩል አይፈቅድም።

መኪናው የጓደኛዬ ነው። ዕድሜው ከኔ ብዙም የማያንስ ራቭ ፎር። ጓደኛዬ የቴሌቪዥን ኤዲተር ነው፤ አንድ የድምፃውያን ውድድር ላይ ሁለት ዙር ሠርቷል። የትኛው እንደሆነ እንዳልጽፍ አስምሎኛል። ከኋላ የተቀመጠችው የአክስቴ ልጅ ናት። እሷ ደግሞ ከዓመታት በፊት እንዲህ ያለ ውድድር ላይ ተመዝግባ በመጀመሪያው ዙር ተመልሳለች። እኔ ተመልካች ነኝ። አንድም ቀን ድምፅ ሰጥቼ የማላውቅ፣ ሁሉንም የምተች ተመልካች።

ሐሙስ፣ ጥር 16፦ ከአዲስ አበባ በቆጂ

ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ የክፍያውን በር አለፍን። እስከ አዳማ የሚወራ ነገር የለም። መንገዱ ጥሩ ነው፤ እንቅልፍ ያመጣል። ከአዳማ በኋላ አዋሽን ተሻግረን፣ ዴራን አልፈን፣ ወደ ኢተያ ዳገቱን ስንይዝ ነው ሰው የሆንነው። ሙቀቱ ከኋላ ቀረ፤ መስኮት ዘጋን።

አሰላ ስንገባ የሰርግ አጀብ መንገዱን ዘግቶት ጠበቀን። በሐሙስ ምድር ሰርግ! ጥር ነውና ምን ይባላል። ሃያ ደቂቃ ያህል ጥሩምባ ስንሰማ ቆየን። ኤዲተሩ የሙሽራውን ቪዲዮ ቀራፂ አይቶ «ካሜራውን ፀሐይ ላይ አዞረው» እያለ ተናደደ። ሙያ ሰውን እረፍት ላይም አይለቅም።

ምሳ ጥብስ በላን፤ ለአንድ ሰው 380 ብር። ሥጋው ብዙ፣ ቃሪያው ደግሞ እንባ የሚያስመጣ። የአክስቴ ልጅ እጇን ሳትታጠብ ውሏችንን አስቀመጠች።

«ቅዳሜ ማታ 2 ሰዓት ላይ ቲቪ ያለበት ቦታ እንሁን። ሌላ ምንም አልጠይቃችሁም።»

ቅዳሜ የምትከታተለው ውድድር ግማሽ ፍፃሜ ነው። አራት ተወዳዳሪዎች ቀርተዋል፤ አንዱ ይሰናበታል። እሷ «ረጅሙ ልጅ» የምትለውን ትደግፋለች። እኔ «ባለ ሹሩባዋ» ትሻላለች ባይ ነኝ። ኤዲተሩ «ሁለቱም ማይክ አያያዝ አይችሉም» አለና ጥርሱን መጎርጎር ጀመረ።

ከአሰላ እስከ በቆጂ በስተግራ የጭላሎ ተራራ አብሮን ሄደ። አጨዳው አልቋል። እርሻው ቢጫ ገለባ ብቻ ነው፤ አንዳንዱ ጥግ ላይ ኮምባይነር ቆሟል። እኔ ያደግሁበት አገር ይሄን የሚያህል እርሻ በበሬ ይወቃ ነበር።

በቆጂ ማታ ብርዱ ቀልድ አያውቅም። አልጋ 500 ብር ነው፤ ሙቅ ውሃ የለም፤ ብርድ ልብስ ግን ሦስት ነው። አራተኛ ጠይቄ ተሳቀብኝ።

አርብ፣ ጥር 17፦ በቆጂ፣ አዳባ፣ ዲንሾ፣ ሮቤ

ገና ጎህ ሳይቀድ ወጣን። በቆጂ መጥቶ እስከ ሦስት ሰዓት የሚተኛ ሰው ቤተ ክርስቲያን ሄዶ በር ላይ እንደሚመለስ ነው። ከተማው ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። እኛ ደረጃ ስንወርድ አለከለክን፤ ልጆቹ በባሕር ዛፉ መሐል እየተጠማዘዙ እንደ ዘበት ይሮጣሉ። የአንዱ ጫማ ፊቱ ተቀዶ ጣቱ ይታያል።

እ.ኤ.አ. በ2008 የቤጂንግ ኦሎምፒክ የ5 ሺህና የ10 ሺህ ሜትር ወርቅ በወንድም በሴትም አራት ነበር። አራቱንም የወሰዱት ሁለት የዚህ ከተማ ልጆች ናቸው፤ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ። ከነሱ በፊት ደራርቱ ቱሉ በባርሴሎና፣ ፋጡማ ሮባ በአትላንታ። እነዚህን ሁሉ በልጅነታቸው ያሠለጠኑት ስንታየሁ እሸቱ የስፖርት መምህር ነበሩ።

ሜዳው ዳር ቆመን አየን። አንድ ወጣት አሠልጣኝ ሰዓት ይዞ ሲገቡ ሲገቡ ይጠራል። መጨረሻ የገባው ልጅ ሰዓቱን ሰማ፣ ምራቁን እንትፍ አለ፣ ተመልሶ መስመሩ ላይ ቆመ። አሠልጣኙ ቀና ብሎም አላየው። የሳቀ የለም፤ ያጨበጨበም የለም።

«ይሄ ለቲቪ አይሆንም» አለ ኤዲተሩ። «ማን ያለቅሳል?»

ቁርስ ጨጨብሳ ቀረበልን። የአክስቴ ልጅ አርብን ትጾማለች፤ ሻይ በዳቦ አለች። ይሄ ጾም ቀኑን ሙሉ ተከተለን። አዳባ ላይ «የጾም አላችሁ?» ስንል አስተናጋጇ ሽሮ አመጣች። ሽታው ያው የቅቤ ነው።

«ቅቤ አለው እንዴ?»

«ትንሽ ናት» አለች ልጅቷ፣ ልታጽናናት።

ሽሮው ለኛ ደረሰ። በሕይወቴ እንዲህ የጣመ ሽሮ አልበላሁም፤ ለአክስቴ ልጅ ግን አልነገርኳትም።

አዳባ የገባነው እንደ ሰው በመኪና አልነበረም። ዶዶላን እንዳለፍን የኋላ ጎማ ተነፈሰ። ክሪኩን አወጣን፣ ብሎኖቹን ፈታን፣ ስኮርታውን (መጠባበቂያ ጎማውን) ከኋላ በሩ አውርደን ስንጥለው መሬት ላይ ጥፍጥፍ አለ። እሱም ነፋስ የለውም! ባለመኪናው ስኮርታውን መጨረሻ ያየው መቼ እንደሆነ አያስታውስም። አንድ ባጃጅ ሁለቱንም ጎማና ባለመኪናውን ጭኖ ወደ አዳባ ሄደ። ተከትዬ በሌላ ባጃጅ ሄድኩ፤ የአክስቴ ልጅ ስኮርታ የሌለውን መኪና ለመጠበቅ ቀረች። ከበቧት የነበሩትን ልጆች ስንመለስ ዘፈን እያስጠናቻቸው አገኘናት።

ጎሚስታው አጭር፣ ዝምተኛ ሰው ነው። ጎማውን እየነፋ በግማሽ በርሜል ቆሻሻ ውሃ ውስጥ ቀስ አድርጎ አዞረው። ጆሮውን ውሃው ላይ ሊያስነካ ምንም አልቀረው። አንድ ቦታ ላይ የዶሮ ዓይን የምታህል አረፋ ብቅ አለች፤ ጠፋች፤ እንደገና ብቅ አለች። በአውራ ጣቱ ያዛት። የፈረስ ጫማ ሚስማር ነበር። ለሁለቱ 300 ብር። ከዚያ በኋላ ነው ሽሮው የመጣው፤ የአክስቴን ልጅ ይዘን ተመልሰን አዳባ ከገባን በኋላ።

መኪና ውስጥ ታሪኳን የነገረችን ያን ቀን ነው። እኔ ራሴ ሙሉውን አልሰማሁም ነበር።

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተሰልፋ ከቀኑ 10 ሰዓት ገባች። አንድ ደቂቃ እንኳ ሳትዘፍን «እናመሰግናለን» ተባለች። ይሄ አልከፋትም። «ድምፄ እንደማያልፍ እኔም ገብቶኝ ነበር» አለች። የከፋት ሌላ ነው። እናቷ ጎረቤት ጠርታ፣ ፈንዲሻ አፈንድታ፣ ፕሮግራሙ ሲተላለፍ አብረው አዩ። ልጅቷ የታየችው ለአራት ሰከንድ ነው። ድምፅ ካልወጣላቸው ሰዎች መሐል፣ ኖታው ሲሰበርባት፣ ከኋላ የሳቅ ድምፅ ተጨምሮበት። ጎረቤቱ ሁሉ ሳቀ። እናቷም ሳቀች፤ ከዚያ ተነስታ ወደ ጓዳ ገባች።

ኤዲተሩ መሪውን ይዞ ዝም አለ።

«እኔ አይደለሁም የቆረጥኩት» አለ በመጨረሻ።

«አንተ ነህ አላልኩም።»

«ሳቁን የሚጨምሩት…»

«ማን እንደሚጨምረው አልጠየቅኩም እኮ።»

እሱ ያወራን ግን እውነት ነው፤ ከዚያ በፊትም ነግሮኛል። ዳኛው ፊቱን ሲያጨማድድ የምናየው ለሌላ ተወዳዳሪ ያጨማደደው ሊሆን ይችላል። እንባ ያለበት ቀረፃ አይጣልም። እናቱ የሞተችበት ልጅ እናቱ ካልሞተችበት የበለጠ ደቂቃ ያገኛል። በኔ ግምት የነዚህ ውድድሮች ችግር ውድድርነታቸው አይደለም። ዳዊት ጽጌን የሰጠን ባላገሩ አይዶል ነው፤ ይሄን የሚክድ የለም። ሰው ይወዳደር፣ ይሸነፍም። ግን የበቆጂው ልጅ መጨረሻ ሲገባ ሰዓቱ ተነገረው እንጂ ሳቅ አልተጨመረበትም።

ዲንሾ ከሰዓት በኋላ ደረስን። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት እዚህ ነው። ፓርኩ የተቋቋመው በ1962 ነው፤ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ደግሞ እኛ ከመሄዳችን አራት ወር በፊት፣ መስከረም 2016 ላይ። የደጋ አጋዘኖቹ በጽሕፈት ቤቱ ግቢ እንደ ጎረቤት ፍየል ይዞራሉ። አንድ ወንድ፣ ቀንዱ የተጠማዘዘ፣ ከመኪናችን አምስት እርምጃ ላይ ቆሞ ቅጠል በላ። በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ ውጭ የሌለ እንስሳ ነው። ከርከሮዎቹ ግን ማንንም አይፈሩም፤ ምሳችንን ሊቀሙን ነበር።

ለእሁድ አስጎብኚ ቀጥረን ሮቤ ገብተን ተኛን።

ቅዳሜ፣ ጥር 18፦ ሮቤና ጎባ

ቀኑን ሙሉ ነዳጅ ስንፈልግ ዋልን። አንዱ ማደያ «የለም»፣ ሌላው «ነገ»፣ ሦስተኛው ጋ ሰልፉ እስከ አደባባዩ። በመጨረሻ አንድ ወጣት በሃይላንድ እየሸጠ አገኘን፤ ሊትሩ 150 ብር። ከማደያው እጥፍ ገደማ ነበር። ሃያ ሊትር ገዛን። ውሃ የተቀላቀለበት እንዳይሆን ኤዲተሩ አንዱን ጠርሙስ ፀሐይ ላይ ይዞ ሲያየው ሻጩ ተቀየመ። ሶፍ ዑመር ዋሻን የማየት ዕቅዳችን እዚያው ማደያ ሰልፍ ላይ ቀረ።

ጎባ ከሮቤ 14 ኪሎ ሜትር ነው። ያረፍንበት ሆቴል ትልቅ ቲቪ አለው፤ የአክስቴ ልጅ አስቀድማ ሄዳ ቻናሉ መኖሩን አረጋግጣለች። ከ2 ሰዓት በፊት ወንበር ያዝን። አዳራሹ ሞልቷል። ሾፌሮች፣ ሁለት ነርሶች፣ ከአባታቸው ጋር የመጡ ልጆች፣ ኳስ ይከፈትልን ብለው የተሸነፉ ጎረምሶች።

ባለ ሹሩባዋ ጥሩ ዘፈነች። ረጅሙ ልጅ ቃል ረሳ፤ ግን ፈገግ ብሎ አለፈው። አዳራሹ ወደደው። የአክስቴ ልጅ ስልኳን አውጥታ በአጭር ቁጥሩ መላክ ጀመረች። ስምንት ጊዜ ላከች።

«ይሄ ነው እኮ የሚያበሽቀኝ» አልኳት። «ስምንት ጊዜ የሚልክ ሰው ስምንት ሰው ነው? ዘመድ የበዛ ያሸንፋል።»

«ሀጊት ያሶን ረሳኻት?»

መልስ አጣሁ። እ.ኤ.አ. በ2011 ስድሮት ያደገችው ቤተ እስራኤላዊት ሀጊት ያሶ በእስራኤል ትልቁን የዘፈን ውድድር በሕዝብ ድምፅ አሸንፋለች። አሽዶድ ያለችው አክስታችን ያኔ ስልኳ እስኪግል ስትልክ አድራ በማግስቱ እያለቀሰች ደውላልናለች። ለዳኛ ብቻ ቢተው ምን ይሆን ነበር? ማን ያውቃል። የሕዝብ ድምፅ ዘመድ ላለው ያደላል፤ ዘመድ የሌለውንም አንዳንዴ አገር ሙሉ ዘመድ ያደርግለታል። ክርክሩን እዚያ ላይ ተውኩት፤ ተሸንፌ አይደለም፤ ቢራዬ እየሞቀ ስለሆነ ነው።

አቅራቢው ፖስታውን ያዘ። ማስታወቂያ። ተመለሰ፤ ፖስታውን ቀደደ። «ዛሬ ከእኛ የሚለየው ተወዳዳሪ…» ካሜራው አራቱንም ፊት ቀስ እያለ ዞረ። ኤዲተሩ በጣቱ ሰከንድ ይቆጥራል፤ «አሁንም፣ አሁንም፣ አሁንም ያዘው…»

መብራት ጠፋ።

ያን ጊዜ የተሰማውን ጩኸት የሠርገኛ አጀብ አያህለውም። ጄነሬተሩ አልነሳም አለ። ኔትወርኩም መብራቱን ተከትሎ ሄደ። የአክስቴ ልጅ ስልኳን ወደ ጣሪያው ይዛ ግቢውን ዞረች። አንዷ ነርስ «ባለ ሹሩባዋ ናት፣ አፉ ሲንቀሳቀስ አየሁት» ብላ ማለች። አንድ ሾፌር «ኧረ ረጅሙ ነው» አለ። በሻማ ብርሃን ግማሽ ሰዓት ተጨቃጭቀን ተኛን።

እሁድ፣ ጥር 19፦ ሳነቴ

በ11 ሰዓት ተኩል አስጎብኚውን ይዘን ወጣን። መብራትም ኔትወርክም አልተመለሱም። ከጎባ መንገዱ ቀጥ ብሎ ይወጣል። መጀመሪያ ጥድና ኮሶ፣ ቀጥሎ ሽበት የመሰለ ነገር ያንጠለጠለ አስታ፣ ከዚያ ዛፍ የሚባል ነገር ያልቃል። ሳነቴ ሜዳ ነው፤ 4 ሺህ ሜትር ላይ የተዘረጋ ሜዳ። ጅብራዎቹ በየርቀቱ እንደ ዘበኛ ቆመዋል። ኩሬዎቹ ዳር ዳሩ በረዶ ይዟል። መኪናው ትንፋሽ አጠረው፤ በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰተ ሄደ። እኔ ራሴን አመመኝ፤ ኤዲተሩ ደግሞ ያለ ምክንያት ይስቃል።

አስጎብኚው ትከሻዬን ነካኝ። «ቁም በለው።»

ቀይ ቀበሮ። በዓለም ላይ የቀሩት 500 ገደማ ናቸው፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እዚሁ ባሌ ይኖራሉ። በዚህ አገር ሰው «ጄዳላ ፈርዳ»፣ የፈረስ ቀበሮ፣ ይሉታል። ከመንገዱ ሠላሳ እርምጃ ላይ አንድ ጉድጓድ አፍ ላይ ቆሟል። አንድ የፊት እግሩ ከመሬት ተነስቶ አየር ላይ ነው። አይወርድም። ጆሮው ብቻ ትንሽ ይዞራል። ነፋሱ የአንገቱን ፀጉር ይገለብጠዋል፤ እሱ አይንቀሳቀስም። አምስት ደቂቃ። ሰባት ደቂቃ። መስኮቱን ከፍተን ብርዱ ጣታችንን አደነዘዘው። ድንገት ተወርውሮ አፍንጫውን ጉድጓዱ ውስጥ ቀበረ፤ አፈር በተነ። ባዶ አፉን ቀና አለ። ፍልፈሉ አምልጦታል። ዞር ብሎ አየን፤ ቀስ እያለ ሌላ ጉድጓድ ፍለጋ ሄደ።

«ይሄን እኔ ብሆን እቆርጠዋለሁ» አለ ኤዲተሩ። «የሚይዝበትን እስካገኝ።»

«አንተማ ሳቅ ትጨምርበታለህ» አለች ከኋላ።

ይሄኔ ሦስታችንም ሳቅን። ካዳባ ወዲህ የመጀመሪያው ነው።

ቱሉ ዲምቱ ጫፍ ድረስ መኪና ይወጣል። መጨረሻው ዳገት ላይ እኔና የአክስቴ ልጅ ወርደን በእግር ሄድን፤ መኪናው ሰው አልችል ብሎ። በየሃያ እርምጃው እንቆማለን። ጫፉ ላይ ቀይ ድንጋይ፣ የአንቴና ማማ፣ ጆሮ የሚቆርጥ ነፋስ። እይታው? ደመና ከበታችን ነበር፤ ከደመናው በላይ ምንም የለም። ፎቶ ለማንሳት እጄን ከኪሴ ሳወጣ የአክስቴ ልጅ ስልክ ጮኸ። አንድ፣ ሁለት፣ አምስት መልእክት። አንቴናው ሥር ኔትወርክ አለ!

እናቷ ጋ ደወለች።

«እማዬ፣ ማን ተሰናበተ?… ምን?… ምን አሉ?»

ስልኩን ዘግታ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።

«ፖስታውን ከፈተው። ‹ውጤቱን በሚቀጥለው ሳምንት› ይላል።»

ኤዲተሩ ፊቱን ወደ ገደሉ አዞረ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ፤ ከብርድ እንዳልሆነ እርግጠኛ ነኝ።

ከዚያ ወዲያ መንገዱ ወደ ሐረና ጫካ ይወድቃል። ጠመዝማዛው ፍሬን አሸተተን። በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከጅብራ ወጥተን ዛፉ ሰማይ ወደሸፈነበት፣ ሽሮ ሜዳ የሚሸጥ ጃኬታችን ወደሚያስቅበት ሙቀት ገባን። ሪራ አንዲት እናት ቤት አደርን፤ «አዴ» እንላቸዋለን። ቡናውን ከነገለፈቱ በቅቤ ጠብሰው አቀረቡ፤ ጩኮም ነበር። ጫካው ውስጥ ዘር ሳይዘራበት የሚበቅል ቡና ነው፤ ቀፎዎቹ ደግሞ ዛፍ ጫፍ ላይ ተሰቅለዋል።

የአዴ ልጅ አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው። ጓደኛዬ ቲቪ ውስጥ እንደሚሠራ ሲሰማ ዓይኑ በራ። ይዘፍናል። መመዝገቢያው የት ነው፣ አዲስ አበባ መምጣት ግድ ነው ወይ፣ ስንት ይፈጃል። ኤዲተሩ አንገቱን አከከ። የመለሰችለት የአክስቴ ልጅ ናት። የሚለብሰውን፣ የሚያድርበትን፣ ውሃ ይዞ መሰለፍ እንዳለበት፣ የሚመርጠው ዘፈን ለድምፁ ዝቅ ያለ መሆን እንዳለበት፣ ሁሉንም ነገረችው። ስለ አራቱ ሰከንድ አላነሳችም። ኤዲተሩ ወረቀት ላይ ስልኩን ጻፈለት።

ሰኞና ማክሰኞ፣ ጥር 20 እና 21፦ መልስ

ከሪራ አምስት ኪሎ ማር ገዛሁ፤ ኪሎው 450 ብር። አዲስ አበባ በዚህ ዋጋ ስኳር የተቀላቀለበት እንኳ አይገኝም ነበር። በቢጫ ጀሪካን አድርገው ክዳኑን በፌስታል አሰሩልኝ። በሻሸመኔ በኩል ተመለስን። ማክሰኞ ከሰዓት የቱሉ ዲምቱው ክፍያ በር ላይ መስኮት ስንከፍት ዝንብ ገባ፤ ቀጥሎ ንብ። የመንገዱ መንቀጥቀጥ ክዳኑን አላልቶት፣ ግማሹ ማር ከኋላ መቀመጫ ሥር ፈሶ የአክስቴን ልጅ ጫማ ምንጣፉ ላይ አጣብቆታል። ሂሳብ ተቀባይዋ አፍንጫዋን ወደ ውስጥ አስገብታ «ውይ፣ ደስ ሲል» አለች።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ረጅሙ ልጅ ተሰናበተ። የአክስቴ ልጅ ሁለት ቀን ስልኬን አላነሳችም። ኤዲተሩ ግን ወዲያው ነው የላከልኝ፤ የላቫጆ ሂሳብ፣ 650 ብር፣ ከነደረሰኙ።